መምህር ይርጋን የመረጥንበት ዓመት

ግንቦት 9 ቀን 2013

ወልድያ ደርሶ መልስ ሦስት ጊዜ። ሲሪንቃ አጠገብ ጎማ ተነፈሰ። ተሳፋሪው ጥላ ፍለጋ ወረደ፤ እኔ ክሪኩን ይዤ ላብ በላብ። አንዲት እናት «ቀስ በል ልጄ፣ እኛ አንቸኩልም» አሉኝ። ደስ አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ መምህር ይርጋ ደወሉ። ራሳቸው! «ካሳዬ፣ ሚኒባስህን ለቅስቀሳ ታውሰኛለህ?» ሳላስጨርሳቸው እሺ አልኩ። ነገ ሞንታርቦውን ጣሪያው ላይ እናስራለን።

የግል ዕጩ ናቸው። ፓርቲ የላቸው፣ ቢሮ የላቸው። ምልክታቸው ጀሪካን ነው። ለምን ጀሪካን እንደሆነ ለመርሳ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በድርቁ ዓመት ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው፣ አህያ ለምነው፣ ግራና እስከሚባለው ገጠር ድረስ ውኃ ያመላለሱ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን እኔም በሰው መኪና ጭኜላቸው ነበር። ጋቢና ይግቡ ብላቸው እምቢ አሉ። «እዚያ ቦታ ላይ ሁለት ጀሪካን ይቀመጣል» ብለው ከመኪናው ጎን በእግራቸው ሄዱ። እንዲህ ያለ ሰው ካልተመረጠ ማን ሊመረጥ?

ሔዋን ግን ባለቤቴ ብትሆንም በቀላሉ አትሸነፍልኝም። «ሲናገር ጥሩ ነው። ዝም ሲልስ?» አለችኝ። ምን ማለቷ ነው?

ግንቦት 17

ግራና። ገበያው መሀል ቆምን። እኔም ማይክ ያዝኩ፤ ድምፄ አሁን ተዘግቷል።

መምህር ሲናገሩ ፍየል ሻጩ እንኳ ጸጥ አለ። «ጥሩ ቀን ከመጣ አብረን እንበላለን። ክፉ ቀን ከመጣም ቀድሜያችሁ አልወጣም። የምገኘው ከመሀላችሁ ነው።» ቃል በቃል እንዲህ ነው ያሉት፤ እንዳልረሳው ጽፌዋለሁ። ከፊት የቆሙ አንድ ሽማግሌ አለቀሱ። እኔስ? ምን ልዋሽ … ጥቁር መነጽሬን አጠለቅሁ።

ግንቦት 25

ጀብሪል አስቸገረኝ። አጥራችን አንድ ነው፤ ፓፓያና ማንጎ ወደ ደሴ ይልካል፣ እኔም አንዳንዴ እጭንለታለሁ። ምርጫ አይሞቀውም።

«ካሳዬ፣ ሁሉም ሲመጡ ውኃ ይዘው ነው፤ ሲሄዱ ጀሪካኑንም ይዘውት ነው» አለና ሳቀ። ሚስቱ ረሂማም ሳቀች።

አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከርኩት። የድርቁን ዓመት ነገርኩት። ግራና ያሉትን ነገርኩት። በመጨረሻ «እሺ፣ እሱን አላውቀውም፤ አንተን ግን አውቅሃለሁ። ላንተ ስል» አለ። አሸነፍኩ። ለሔዋን እየፎከርኩ ነገርኳት።

ሰኔ 14

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሰልፍ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጀብሪልና ረሂማ ከኋላዬ ነበሩ። ስኳር ስላለበት ቶሎ ይደክመዋል፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ እንጂ ወደ ቤት አልተመለሰም። ሲወጣ ቀለም የነካ ጣቱን አሳየኝ። «ይኸው፣ ጀሪካንህ።»

ጥሩ ቀን ነበር።

ሰኔ 16

የጣቢያችን ውጤት በር ላይ ተለጠፈ። እኛ ጋ መምህር አንደኛ! ሌላው ጋ ግን … አልሆነም። ተሸነፉ።

ላጽናናቸው ቤታቸው ሄድኩ። ሻይ ቀረበ። ከዚያ «ሕዝቡ ገና ነው ካሳዬ። ለዚህ ሕዝብ ምን ብትሆንለት አያውቅልህም» አሉ። ደነገጥኩ። ጀብሪል ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ትዝ አለኝ። አልነገርኳቸውም። ሰው ሲከፋው ስንት ነገር ይናገራል።

ሐምሌ 24

ጦርነቱን ሸሽቶ ከራያና ከቆቦ የሚመጣው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ፍራሽ የተሸከመ፣ ዶሮ የታቀፈ፣ ባዶ እጁን የሆነ። ከወልድያ መርሳ በነፃ ሳመላልስ ዋልኩ። አንዲት ሴት የቤቷን ቁልፍ በአንገቷ አንጠልጥላለች። እየደጋገመች «ቆልፌዋለሁ፣ ቆልፌዋለሁ» ትላለች። ምን ይባላል?

እኛም ጋ ሹክሹክታው በዝቷል። ማን ሄደ፣ ማን ሊሄድ ነው …

ሐምሌ 28

መምህር ይርጋ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰው ሰበሰቡ። ባይመረጡም ሰው የሚሰማው እሳቸውን ነው። የሹም ትእዛዝ አይደለም፤ ሰው ስለሚያምናቸው ነው የመጣው።

«ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ! ከተማ የሚወድቀው ሰዉ ሲለቀው ነው። ዛሬ ሻንጣውን የሚያስር ሰው ጎረቤቱን እየሸጠ ነው። እኔ ይርጋ እዚህ ነኝ። ልጆቼም እዚህ ናቸው።» ጭብጨባ። እኔም አጨበጨብኩ፤ መዳፌ እስኪግል።

ስመለስ ጀብሪል በር ላይ ጠበቀኝ። ሻንጣቸው ታስሯል። ደሴ ወንድሙ ጋ ሊሄዱ ነው፤ የኢንሱሊኑ ነገር አሳስቦታል። «አንተ ምን ትለኛለህ?» አለ።

«መምህር አሉ እኮ። ልጆቻቸውንም አላወጡም።»

ትንሽ አሰበ። «አንተ ካልክ» አለ። ረሂማ ሻንጣውን ይዛ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ነሐሴ 3

እንዴት ብዬ ልጻፈው …

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መምህር ደወሉ። «ክሪክህን ይዘህ ቶሎ ና።» ሄድኩ። የግቢው በር ከውስጥ ተቆልፏል። ሲከፈት ፒክአፕ ቆሟል። ፍራሽ፣ የልጆች ብስክሌት፣ ቴሌቪዥን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ። ልጆቹ ኋላ ወንበር ላይ ናቸው፤ ትልቋ አየችኝና አንገቷን ደፋች። የኋላ ጎማ ተኝቷል።

ትከሻዬን ያዙኝ። «ድጋፍ ላመጣ ነው። ሦስት ቀን ቢበዛ። ለማንም እንዳትናገር፤ ሕዝቡ ከተደናገጠ ያልቃል። አንተን ስለማምንህ ነው።»

«እሺ» አልኩ። ጎማውን ቀየርኩ። ብሎኑን አንድ በአንድ አጠበቅሁ፤ መንገድ ላይ እንዳይቸገሩ። በሩን የከፈትኩላቸውም እኔ ነኝ።

ስመለስ ጀብሪል «ምን አዲስ ነገር አለ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

ነሐሴ 4

አልተናገርኩም። ለሔዋንም።

ነሐሴ 5

ደወልኩላቸው። አያነሱም። ምናልባት ስብሰባ ላይ ናቸው። ከወልድያ የሚመጣው ሰው ዛሬ አይቆምም፤ መርሳን እያየ ያልፋል። ጀብሪል እንደገና «መምህርን አግኝተሃቸዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ደህና ናቸው» አልኩት። ውሸት አይደለም፤ ደህና ናቸው።

ነገ ሦስተኛው ቀን ነው። ይመጣሉ። ካልመጡ እናገራለሁ።

ነሐሴ 6

አልመጡም። ማታ እነግረዋለሁ ብዬ ዋልኩ። ማታ ስልኩ ጠፋ፣ መብራቱም ጠፋ፣ ተኩሱ ቀረበ። ሰው ሁሉ በሩን ዘጋ።

ነሐሴ 7

ገቡ። ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ።

ነሐሴ 16

የሚኒባሱን ባትሪ ፈትቼ ቀበርኩ፣ ጎማዎቹን አወለቅሁ። ታጣቂዎቹ መጥተው አዩት፤ አንዱ በእግሩ መታውና ሄደ። ይህን ደብተር ጣሪያ ሥር አድርጌዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በአጭሩ።

ለሔዋን ነገርኳት። ሁሉንም። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ሳህን እያጠበች ነበር፤ ማጠቡን ቀጠለች። ቆይታ «ለጀብሪል ነግረኸዋል?» አለች። አልነገርኩትም። አሁን ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል? … ይህን የምለው ለእሱ ብዬ ነው ለራሴ?

ጳጉሜ 2

ጀብሪል መርፌውን በግማሽ ቀንሷል። ብልቃጦቹን እርጥብ አሸዋ ያለበት ገንቦ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ሦስት ቀርተዋል። «ኢንሻአላህ እስከዚያ መንገዱ ይከፈታል» ይላል። አሁንም ይቀልዳል። «መምህርህ ድጋፉን በአህያ ነው እንዴ የሚያመጣው?»

ለካ ድጋፍ ሊያመጡ ነው ተብሎ መሄዳቸውን ሰምቷል። ሰው ሁሉ ሰምቷል። እኔ ቀድሜ ማወቄን ግን አልሰማም። ፊቱን ማየት አቃተኝ።

መስከረም 6 ቀን 2014

አስፋው ልብስ ሰፊው በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ አለው። ድምፁን ዝቅ አድርገን ስድስት ሆነን ከበብነው። የመምህርን ድምፅ ወዲያው ለየሁት። ከአዲስ አበባ።

«እስከ መጨረሻይቱ ሰዓት ድረስ ከሕዝቤ ጋር ነበርኩ። የወጣሁት ጥይት እየዘነበብኝ ነው» አለ።

አሉ ልል ነበር። እጄ አለ ብሎ ጻፈ። ይሁን። አልሰርዘውም።

አስፋው ሬዲዮውን ዘጋና «ጀግና ነው» አለ፤ ከልቡ ነው። ጥይት? የተኮሰበት ማን ነው? በዚያ ጠዋት የተሰማው የእኔ ክሪክ ሲንቋቋ ብቻ ነው። አፌን ከፈትኩ … ዘጋሁት። ብናገር «አንተስ የት ነበርክ?» ይሉኛላ።

መስከረም 19

በእግር ወልድያ ሄጄ ተመለስኩ። ሁለት ቀን። ጀብሪል አልጋ ይዟል፤ ውኃ ይጠጣል፣ ውኃ ይጠጣል፣ አይረካም። መድኃኒት ቤቶቹን አንድ በአንድ አንኳኳሁ። መደርደሪያው ባዶ። አንዲት የመድኃኒት ባለሙያ ቤቷ ድረስ ወሰደችኝና ለእናቷ ካስቀመጠችው አንድ ብልቃጥ ሰጠችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅሁም። ይኸው እሷ፤ ምንም ቃል ያልገባች።

ስመጣ ረሂማ እጄን ሳመችው። እጄን! ብቀብረው በወደድኩ።

መስከረም 30

ጀብሪል አረፈ። ጎህ ሲቀድ።

ጀናዛውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ቀላል ነበር። ያ ሁሉ ሰውነት የት ሄደ?

ረሂማ ለሴቶቹ ስትናገር በግድግዳው ሰማኋት። «ሻንጣችን እኮ ታስሮ ነበር። በገዛ እጄ ፈታሁት፣ ወላሂ በገዛ እጄ።» ራሷን ነው የምትከሰው።

ጥቅምት 22

ደሴም ተያዘ አሉ። ክፉ ነኝ፤ ትንሽ ቀለል አለኝ። ደሴ ቢሄድም ያው ነበር ብዬ። ከዚያ አሰብኩት። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ደሴ መድኃኒት ነበረ። ከደሴም አዲስ አበባ መንገድ ነበረ። ያው አልነበረም።

ታኅሣሥ 10

ከቀናት በፊት ሠራዊቱ ገብቷል። ሰው መንገድ ላይ ይተቃቀፋል፣ ያለቅሳል፣ የሞተበትን ይቆጥራል። ባትሪውን ቆፍሬ አወጣሁ። ዝጓል። ሔዋን ዛሬ ከስንት ጊዜ በኋላ ዘፈነች፤ ግማሹ ላይ ተወችው።

ታኅሣሥ 27

ይርጋ መጣ። ሁለት አይሱዙ ዱቄት ይዞ፣ ካሜራ ያነገቡ ሰዎችም አብረውት አሉ። ትምህርት ቤቱ ግቢ፤ ያው ቦታ። ሰው ተሰለፈ። ሲያየኝ ከሩቅ እጁን ዘርግቶ መጣና አቀፈኝ። ሽቶ ሸተተኝ። ካሜራው ዞረ።

«ይህ ካሳዬ ነው። እስከ መጨረሻው አብሮኝ የነበረ። እስቲ ንገራቸው ካሳዬ፣ ያን ቀን እንዴት እንደወጣሁ።»

ሁሉም ያዩኛል። አስፋው ያየኛል። ረሂማ ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ሰልፍ ላይ ነች፣ ታየኛለች። ምንም አልወጣኝም። እሱ ፈጠን ብሎ «ተጎድቷል፣ ተዉት» አለና ካሜራውን መለሰ።

ቆየት ብሎ ብቻውን አገኘሁት፤ በአይሱዙው ጥላ ሥር።

«ጀብሪል ሞተ» አልኩት።

«የትኛው ጀብሪል?»

… 

አውቆ አይደለም። እውነቱን ነው። አያስታውሰውም።

«ከስብሰባዎ በኋላ ሻንጣውን የፈታው» አልኩት። አፌ አሁንም አንቱ ይላል። ልማድ ነው።

ወዲያ ወዲህ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብቆይ ምን እጠቅም ነበር? አንደኛ የሚገድሉት እኔን ነው። ልጆች አሉኝ ካሳዬ።»

«እውነትዎን ነው። በመውጣትዎ አልፈርድም። ማንም ይወጣል። ግን እኛን ለምን ውጡ አላሉንም?»

መልስ ያጣል ብዬ ነበር። አላጣም፤ እሱ መልስ አያጣም። «ሕዝብ በአንድ ጊዜ ከተነሣ መንገዱ ይዘጋል። ልጆቼን ማውጣት አልችልም ነበር» አለ። ቀለል አድርጎ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስረዳኝ። ከዚያ የተናገረውን ራሱ ገና እንደ ሰማው ሁሉ ፊቱ ተለወጠ። አንዱ «መምህር፣ ይፈለጋሉ!» ብሎ ጠራው፤ ሄደ።

ይህን ሰው እወደው ነበር። ከመኪና ጎን በእግሩ የሄደው ሰው ውሸት አልነበረም፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ምን ነካው? ወይስ ያኔም ሰው ሲያይ ብቻ ነበር? አላውቅም። የማላውቀው ነው የሚያመኝ።

ጥር 14

ጥምቀት አለፈ። ሰው ስለ ይርጋ ሲያወራ እየሰማሁ ነው። «ለቀጣዩ ምርጫ እሱን ነው» ይላሉ። ዱቄቱን አመጣ፣ እውነት ነው። ሔዋን «እስከ መቼ ነው አንተ የምትደብቀው?» አለችኝ። ስለ እሱ ሳይሆን ስለ ረሂማ እንደሆነ ገብቶኛል።

የካቲት 5

ለረሂማ ነገርኳት።

ግቢዋ ውስጥ ማንጎ ትለቅም ነበር። ቁጭ በል አለችኝ፤ አልቀመጥም አልኩ። ነሐሴ ሦስት ጠዋት፣ ፒክአፑ፣ ፍራሹ፣ ጎማው፣ «ምንም» ያልኩት፣ «ደህና ናቸው» ያልኩት። ሳልደባልቅ ነገርኳት።

ማንጎውን ከእጇ አላስቀመጠችም። «መንገዱ እስኪዘጋ ስንት ቀን ነበር?» አለች።

«አራት ቀን።»

«አራት ቀን» አለች። «ደሴ እኮ ሦስት ሰዓት አይሞላም፣ ካሳዬ። አንተ ራስህ ነህ የምትመላለሰው።»

ይቅር በይኝ አልኳት። ወደ ቤቷ በር አየች። «እሱ ሲሞት አንተን እየመረቀ ነው የሞተው። ወልድያ ሄዶልኛል እያለ። ምን ላድርገው አሁን ያንን ምርቃት?» አለች። ከዚያ «ሂድ። ለልጆቼ ግን አንተ ትነግራቸዋለህ፤ ሲያድጉና ሲጠይቁ። እኔ አልችልበትም» አለች።

ሄድኩ። አራት ወር ሙሉ ብነግራት ይቀለኛል ስል ነበር። አልቀለለኝም።

የካቲት 12

አስፋው ሱቅ ውስጥ ተናገርኩ። ሰባት ስምንት ሰው ነበረ። ይርጋ መቼ እንደወጣ፣ ጎማውን ማን እንደቀየረ። አንዱ «ምቀኛ!» አለኝ። አንዱ «አንተም ተባባሪ ነህ» አለኝ። ለሁለተኛው «አዎ» አልኩት። አስፋው መቀሱን አስቀምጦ አፍጥጦ አየኝ።

ሚያዝያ 3

ረሂማ አጥሩን ከፍ አስደረገች። ሰላም ስላት አትመልስም። ልጆቿ ይመልሳሉ።

ነሐሴ 22 ቀን 2014

እንደገና ጀመረ። ቆቦ ተለቀቀ፤ ወልድያ ሰው እየወጣ ነው። መንገዱ ያው የአምናውን መስሏል፤ ፍራሽ፣ ዶሮ፣ ሕፃን።

ጠዋት ስልኩ ላይ የይርጋ መልእክት ሲዞር አየሁ። «ባላችሁበት ጽኑ። አሉባልታ አትስሙ።» የት ሆኖ እንደጻፈው አልጻፈም። ሰዉ አንብቦ ወደ ኪሱ ይከታል። አስፋው ሳያነብ የልብስ ስፌት መኪናውን ተሸክሞ መጣ። «ቦታ አለህ?» አለኝ።

ቤታችን በር ላይ ሰው ተሰበሰበ። እንቆይ ወይስ እንውጣ ይሉኛል። እኔን! የማውቀውን ነገርኳቸው። «ከሲሪንቃ የመጣ ሹፌር ያለኝ ይህን ነው፤ በዓይኔ ያየሁት ይህን ነው፤ የቀረውን አላውቅም። ሊገቡም ላይገቡም ይችላሉ። እኔ ቤተሰቤን ይዤ አራት ሰዓት ላይ ወደ ደሴ እወጣለሁ። መምጣት የፈለገ ይምጣ፤ የሚቀርም ጎረቤቱን አልሸጠም።»

ሰው ተበተነ፤ ለመጫን። ሔዋን ዕቃ ስታወጣ ቀና ብዬ አየሁ። ረሂማ በሯ ላይ ቆማለች። ነጠላዋን በአፏ ይዛ ነበር፣ ለቀቀችው።

«ካሳዬ» አለች። «ያልነገርከን ነገር አለ?»

ከየካቲት ወዲህ ስሜን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው።

«የለም» አልኳት። «የማውቀው ይኸው ነው።»

ዓይኔን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ዞራ ልጆቿን «ጫማ አድርጉ» አለቻቸው።

ይህን የምጽፈው ውጫሌ ላይ ቆመን ነው። መንገዱ ተጨናንቋል፤ መኪና ከመኪና ተጠጋግቷል፣ ግን ይንቀሳቀሳል። ረሂማ ከኋላ ወንበር ናት። አላናገረችኝም። ትንሿ ልጇ በወንበሮቹ መሀል አልፋ ጋቢና መጣችና «ደሴ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይቀራል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ነገርኳት።